ከተማ ከመቀየርዎ በፊት፦ አዲስ አበባን፣ ሐዋሳንና ድሬዳዋን እንዴት ያመዛዝናሉ?

ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ያሰበ ሰው ማመዛዘን ያለበት የደመወዙን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ኪራይና ትራንስፖርት ተቀንሶ በእጁ የሚቀረውን ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ የሥራ ዕድሉ፣ የስፔሻሊስት ሐኪሙና የትምህርት ቤቱ ምርጫ ከሌሎቹ ይሰፋል፤ ነገር ግን በአቅም የሚገኘው ቤት ብዙውን ጊዜ ከከተማው ዳር በመሆኑ፣ ለምሳሌ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መገናኛ በሰዓቱ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ግድ ይላል። ይህ ሰዓት ከልጆች ጋር ከሚያሳልፉት ጊዜ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ፣ እኔ ከኪራዩ እኩል እንደ ወጪ እቆጥረዋለሁ።

ሐዋሳ ላይ አብዛኛው ጉዳይ በባጃጅ ያልቃል፤ ከሥራ መልስም ሐይቁ ዳር መናፈስ ይቻላል። ሆኖም የሥራ ገበያው ጠበብ ያለ በመሆኑ ባለትዳሮች የሁለቱንም ሥራ አስቀድመው ያረጋግጡ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቷ ለደገኛ ይከብዳል፤ በአንጻሩ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላና የነዋሪዋ ተግባቢነት እንግዳን ቶሎ ያላምዳሉ።

ከመወሰንዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ሄደው ይቀመጡ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ፤ በየበሩ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖችም ልብ ይበሉ። ውል ሲፈርሙ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መደንገጉን ያስታውሱ።