ወላጆች ደለስ ሲደርሱ የሚሠሯቸው፣ ልጆችም የሚያሠሯቸው ስህተቶች

ለወላጆቻቸው ትኬት ሊገዙ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች ስለ ዋጋና ስለ ሻንጣ ኪሎ አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደረስ ስለሚገጥመው ፍተሻ ግን እምብዛም አያነሱም። እዚያ የሚፈጠረው ችግር አብዛኛው የሚጀምረው ከጉዞው በፊት፣ በስልክ ምክር ነው።

ከሁሉም የከፋው ለእናት ወይም ለአባት መልስ ማስጠናት ነው። «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ትቆያለሽ ካሉሽ ሁለት ሳምንት ብቻ በይ» ተብለው የመጡ እናት፣ የመመለሻ ትኬታቸው የተቆረጠው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ለቪዛ ሲያመለክቱ የሰጡት መልስም በመዝገብ ላይ አለ። ሦስቱ አልገጥም ሲሉ የመግቢያው ፍተሻ መኮንን የሚጠረጥረው ውሸትን እንጂ ድንጋጤን አይደለም። ቪዛ የሚያደርሰው እስከ መግቢያው በር ነው፤ የማስገባቱም የመመለሱም ውሳኔ በመኮንኑ እጅ ነው። «ልጄን ልጠይቅ፣ የልጅ ልጄን ላይ መጣሁ፤ የምመለሰውም በዚህ ቀን ነው» ከሚለው የተሻለ መልስ የለም፤ እውነት በመሆኑ ደጋግመው ቢጠይቋቸውም አይለወጥም። ይህን ስናገር «እማዬ ግን ትደነግጣለች» ይሉኛል። የምትደነግጠው እኮ ያስጠናችኋትን ድርሰት እንዳትረሳው ነው!

ያልገባን ጥያቄ በ«የስ» ማለፍም ከዚያ አይተናነስም። ሥራ ሊሠሩ መጥተው እንደሆነ ሲጠየቁ በአዎንታ ራሳቸውን የነቀነቁ አዛውንት፣ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ሌላ ክፍል ቢወሰዱ አይገርምም። «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜም በስልክ ይገኛል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሠራተኛ ሐበሻ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይላል እንጂ፣ እሱ ያስተረጉማል ብሎ መተማመን አይገባም።

የትውልድ ዘመን ሲጠየቁ በእኛ አቆጣጠር 1945 የሚሉ አባት ፓስፖርታቸው ላይ 1953 ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ልክ ነው፤ መኮንኑ የሚያየው ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ስለዚህ የልደትና የመመለሻ ቀናቸውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከልጃቸው አድራሻና ስልክ ቁጥር ጋር በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ባትሪው ያለቀ ስልክ ውስጥ ያለ አድራሻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ ምግቡ ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቋንጣና ዶሮ ወጥ በማንኛውም መልኩ አይታሸጉ፤ አሜሪካኖቹ የእንስሳት በሽታን ስለሚፈሩ ከእኛ አገር የሚመጣ የሥጋ ዝግጅት ይወረሳል። አንድ ደንበኛዬ ቋንጣውን በነጠላ ጠቅልለው ሽሮው መካከል ደብቀውት ነበር፤ ሻንጣ በሚወሰድበት አዳራሽ የምትዞረው ትንሽ ውሻ አሽትታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ምግብ ይዘው እንደሆነ ሲጠየቁ «የለኝም» ብለዋል፤ ያስጠየቃቸውም ከቋንጣው ይልቅ ይኸው ቃላቸው ነው። ለንግድ ያልሆነ የተከለከለ የግብርና ውጤት ሳያስመዘግብ፣ ማለትም መያዙን ሳያሳውቅ የተገኘ መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ካስመዘገበ ግን ዕቃው ቢወሰድበትም ቅጣት የለበትም። በርበሬውንም፣ ሽሮውንም፣ ቅቤውንም፣ ቡናውንም አስመዝግበው ውሳኔውን ለመኮንኑ ይተዉለት። ጫት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ውስጡ ሳይታይ ታሽጎ የተሰጠ የጎረቤት አደራም አይያዝ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ቤተሰቡ በጋራ ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዘ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቅ ቀረጥ አያስከፍልም።

ከደለስ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ሲያትል የሚቀጥሉ መንገደኞች ሻንጣቸው በቀጥታ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። ደለስ ላይ ራሳቸው ወስደው ጉምሩክ ካለፉ በኋላ እንደገና ያስረክባሉ። ቦሌ የገዙትን መጠጥም ያኔ ሻንጣው ውስጥ ይክተቱት፤ በእጅ ከያዙት ቀጣዩ ፍተሻ ላይ ሊቀማ ይችላል።

ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ የቪዛውን ማብቂያ እንደ መቆያ ጊዜ መቁጠር አለ። መቆያውን የሚወስነው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ላይ የሰፈረው ቀን ነው፤ ልጆች በዚያው ሳምንት ከድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ አውጥተው ከመመለሻ ትኬቱ ጋር ያስተያዩት።