«ኢኖርመስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በትክክል እንዴት መጠቀም ይቻላል?

«ኢኖርመስ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉት «ግዙፍ» ወይም «በጣም ትልቅ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ፍቺው ልክ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ግን ፍቺው ላይ ሳይሆን አጠቃቀሙ ላይ ነው። በአማርኛ «ግዙፍ» የሚገባበት ቦታ ሁሉ «ኢኖርመስ» አይገባም፤ «ኢኖርመስ» የሚገባበትም ቦታ ሁሉ በአማርኛ «ግዙፍ» አይባልም። ይህን ለመለየት ከአጠራሩ ጀምረን ዓረፍተ ነገር እስከ መሥራት እንሂድ።

1. አጠራሩን ያዙ

ሲጻፍ ስምንት ፊደል ነው፦ ኢ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ኤም፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ። ሲነገር ግን ሦስት ክፍል ብቻ አለው። ድምፁ የሚጠብቀው መሃል ላይ፣ «ኖር» የሚለው ጋ ነው። መጨረሻው አጭር «መስ» ነው። የተጻፈውን አይቶ «ኢኖርሞውስ» የሚል ሰው አይጠፋም። «ፌመስ» የሚለውን ቃል በትክክል የምትሉት ከሆነ ይኼኛውም አያስቸግራችሁም፤ መጨረሻቸው አንድ ነው። በአናባቢ ስለሚጀምር ደግሞ ከፊቱ የሚገባው «ኤ» ሳይሆን «አን» ነው።

2. ነገሩ ከልክ ያለፈ መሆኑን ጠይቁ

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ኖርማ» አናጢ ማዕዘን የሚለካበት መሣሪያ ነበር፤ ከዚያ ልክ፣ ደንብ የሚል ትርጉም ያዘ። መነሻው ላይ ያለችው «ኢ» ደግሞ «ከ... የወጣ» ማለት ናት። ሲገጣጠም «ከልክ የወጣ» ይሆናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም ከሥርዓት የወጣ፣ ያልተለመደ የሚል ስሜት ነበረው። ለመጠን ብቻ የሚውል የሆነው ቆይቶ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ቃሉን ከመጠቀማችን በፊት የምንጠይቀውን ጥያቄ ይሰጠናል፦ ነገሩ ለዓይነቱ ከተለመደው ልክ አልፏል ወይ?

አንድ የቤት ድመት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። 10 ኪሎ የምትመዝን ድመት ካያችሁ «አን ኢኖርመስ ካት» ብትሉ ማንም አይቃወማችሁም። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ግን ትንሽ ውሻ ነው። ኪሎው ያው ነው፤ ልኩ ግን የተለያየ ነው። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ደግሞ ማወዳደሪያ ሳያስፈልገው ኢኖርመስ ነው። እስከ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በምድራችን ካሉ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው።

ነገሩ ትልቅ ሆኖ ከተለመደው ካልራቀ «ቢግ» ወይም «ላርጅ» ይበቃዋል። «ሂውጅ» ከኢኖርመስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ በጨዋታ መሃል የበለጠ የሚሰማው ግን ሂውጅ ነው።

3. «ቬሪ»ን አውጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። በአማርኛ «በጣም ግዙፍ ሕንፃ» ብንል ጆሮ አይጎረብጥም። ይህን ልማድ ይዘን «ቬሪ ኢኖርመስ» ስንል ግን እንግሊዝኛው ይሰበራል። ምክንያቱም «በጣም» የሚለው ሐሳብ ኢኖርመስ ውስጥ አብሮ አለ። «ቬሪ ቢግ» ማለት ራሱ ኢኖርመስ ማለት ነው። በላዩ ሌላ «ቬሪ» ሲጨመርበት አይሸከምም።

እንዲህ ያሉ ቅጽሎች ብዙ ናቸው። «ፍሪዚንግ» በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ «ኢግዞስትድ» በጣም የደከመው ነው፣ «ታይኒ» በጣም ትንሽ ነው። አንዳቸውም ቬሪን አይወዱም። እነዚህን አንድ ላይ ካጠናችኋቸው ኢኖርመስን ብቻውን ከማጥናት ይቀላል።

ታዲያ ማጋነን ስንፈልግስ? «አብሶሉትሊ ኢኖርመስ» ይባላል። «ሪሊ ኢኖርመስ»ም ይባላል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው «ሪሊ»ን ነው። ከቢግም ጋር ይሄዳል፣ ከኢኖርመስም ጋር ይሄዳል፤ ብትቸኩሉም አያሳስታችሁም። አብሶሉትሊ ግን ከቢግ ጋር አይገጥምም።

ሁለት ነገር ስታወዳድሩም ይኸው ጣጣ አለ። «ሞር ኢኖርመስ» ማለት እምብዛም አይሰማም። ቀለል አድርጋችሁ «ማች ቢገር» በሉ።

4. አጠገቡ የሚቆመውን ስም እዩ

ለሚታይና ለሚዳሰስ ነገር ቀላል ነው፤ ሕንፃ፣ መርከብ፣ ዛፍ፣ እንስሳ ሁሉ ይቀበሉታል። በአማርኛም «ግዙፍ» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

የማይዳሰስ ነገር ላይ ግን አማርኛው ይለወጣል። «ኢኖርመስ ፕሬሸር» ከፍተኛ ጫና ነው። «ኢኖርመስ ዲፈረንስ» የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ነው። «ኢኖርመስ ሰክሰስ» ትልቅ ስኬት ነው። ሁሉንም «ግዙፍ» እያሉ መተርጎም ጽሑፉን ያደርቀዋል። ስሙን አስቀድማችሁ በአማርኛ አስቡት፤ አማርኛው የሚወደውን ቅጽል ራሱ ይዞ ይመጣል።

ስለ ሰው ስትናገሩ ጠንቀቅ በሉ። በአማርኛ «ትልቅ ሰው» ክብር ነው። «ኢኖርመስ ማን» ካላችሁ ግን የምታወሩት ስለ ሰውነቱ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ቅር ልታሰኙት ትችላላችሁ። ለተከበረ ሰው «ግሬት» በሉ። ታላቅ ወንድምም «ቢግ ብራዘር» ወይም «ኦልደር ብራዘር» እንጂ «ኢኖርመስ ብራዘር» አይባልም።

ብዛት ለመግለጽ ቃሉን ከስሙ ጋር በቀጥታ አትለጥፉት። «ኢኖርመስ ፒፕል» ብዙ ሰዎች ማለት አይደለም፤ ሰውነታቸው ግዙፍ የሆኑ ሰዎች ማለት ነው። ብዙ ሰው ለማለት «አን ኢኖርመስ ነምበር ኦፍ ፒፕል» ይባላል። እንደ ውሃ ያለ የማይቆጠር ነገር ሲሆን ደግሞ «አን ኢኖርመስ አማውንት ኦፍ ዋተር» ይሆናል። የሚቆጠር ከሆነ ነምበር፣ የማይቆጠር ከሆነ አማውንት።

ዝናብና ነፋስ ላይ አማርኛችን ራሱ መንገዱን ያሳየናል። እኛ ከባድ ዝናብ እንላለን፣ እነሱም «ሄቪ ሬይን» ይላሉ። እኛ ኃይለኛ ነፋስ እንላለን፣ እነሱም «ስትሮንግ ዊንድ» ይላሉ። ኢኖርመስ እዚህ ቦታ የለውም።

ለጥ ብሎ ለተዘረጋ ነገር ደግሞ «ቫስት» ይሻላል። በረሃ፣ ውቅያኖስ፣ ሜዳ የእሱ ናቸው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከምድር ገጽ አንድ ሦስተኛውን ያህል ይሸፍናል። «ኢኖርመስ» ብትሉት ስህተት አይደለም፤ ዓይን የማይደርስበት ስፋቱን የሚያሳየው ግን «ቫስት» ነው።

5. ከቃሉ የሚወጡትን ሁለት ቃላት ለዩ

«ኢኖርመስሊ» ተውሳከ ግሥ ነው፤ «ኢኖርመስሊ ፖፑላር» እጅግ ታዋቂ ማለት ነው። ይህ ብዙ አያስቸግርም።

«ኢኖርሚቲ» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለግዝፈት የሚጠቀሙበት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በተለይ የአንድ ሥራን ክብደት ለመግለጽ። የቆየው ትርጉሙ ግን ከባድ ክፋት፣ ዘግናኝ ወንጀል የሚል ነው። ዛሬም ቃሉን በዚህ ትርጉም ብቻ የሚቀበሉ አንባቢዎች አሉ። የአንድን ሕንፃ ግዝፈት ለማድነቅ ባትጠቀሙበት ይመረጣል፤ «ሳይዝ» በቂ ነው።

6. ሞክሩት

እነዚህን ሦስት ሐረጎች መጀመሪያ ራሳችሁ አርሟቸው፤ «ቬሪ ኢኖርመስ ሺፕ»፣ «ኤ ኢኖርመስ ትሪ»፣ «ኢኖርመስ መኒ»።

የመጀመሪያው «አን አብሶሉትሊ ኢኖርመስ ሺፕ» ይሆናል። ወይም ቬሪን ጥላችሁ «አን ኢኖርመስ ሺፕ» ብቻ በሉ። ሁለተኛው «አን ኢኖርመስ ትሪ» ነው። ሦስተኛው «አን ኢኖርመስ አማውንት ኦፍ መኒ» ነው፤ ገንዘብ በእንግሊዝኛ ሰዋስው የማይቆጠር ስም ነውና ነምበር አይገባም።