የናፍጣ ጭነት መኪና የጭስ ማጣሪያ ሲደፈን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዲፒኤፍ የሚባለው የጭስ ማጣሪያ «ተደፈነ» ተብሎ ከመፈታቱ በፊት ጥቀርሻው ከየት እንደመጣ ይጣራ። ማጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ዕቃ ጥፋት ነው የሚሸከመው።

ምልክት፦ የማጣሪያው መብራት በርቷል፣ ጉልበት ግን አልቀነሰም።
መንስኤ፦ ጭሱ በቂ ሙቀት አላገኘም። ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ልኮ ጥቀርሻውን ሲያቃጥል የማጣሪያው ውስጥ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል እየቆመ እህል የሚጭን፣ ወረፋ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚውል መኪና እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረዱም አይረዳም፤ በሞተር ፍሬን ሲወረድ ናፍጣ ስለማይቃጠል ጭሱ ይቀዘቅዛል። የሚጠቅመው ከድልድዩ ጭነት ይዞ ሽቅብ መውጣቱ ነው።
መፍትሄ፦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆራረጥ፣ ከባድ ማርሽ ይዞ ዙሩን ከፍ አድርጎ መንዳት። መብራቱ ካልጠፋ ቆማችሁ አቃጥሉ፦ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የማጽጃውን ቁልፍ ተጫኑ። እንደ ሞተሩ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃል ላይ አታጥፉት። የጭስ መውጫው አካባቢ ደረቅ ሣር፣ ጭድ ወይም ጆንያ አይኑር። በጥር ወር አውድማ ዳር ይህን መሞከር ክምር ማቃጠል ነው።

ምልክት፦ በተጸዳ በጥቂት ቀን ተመልሶ ይሞላል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል።
መንስኤ፦ ሞተሩ ከልክ በላይ ጥቀርሻ ያመርታል። ከቀላሉ ጀምሩ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው፤ በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ ቶሎ ይሞላዋል። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው የኢንተርኩለር ጎማዎች፦ ማሰሪያው ሥር ጥቁር ቅባት ካያችሁ ወይም ነዳጅ ሲሰጥ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አየር እየወጣ ነው። ከዚያ ክፍት ቀርቶ የተጣበቀ ኢጂአር (ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ)፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣ መርጫ)፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ።
ነዳጁንም አትርሱ። ይህ ማጣሪያ ያለው ሞተር በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ያልበለጠ ድኝ ያለው ናፍጣ ይፈልጋል። በጀሪካን የተገዛ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ፒ2463 ወይም 3251 የሚል የብልሽት ኮድ ያሳያል፣ መኪናው ግን እንደ ወትሮው ይሄዳል።
መንስኤ፦ ማጣሪያው ሳይሆን፣ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት የሚያነጻጽረው የግፊት ልዩነት ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ ንባቡን እዩ፤ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ካልሆነ ሴንሰሩ ተበላሽቷል። ዜሮ ከሆነ ሁለቱን ቀጭን ቱቦዎች ከሴንሰሩ ነቅላችሁ የተሰነጠቀ፣ የተደፈነ ወይም ቦታ የተቀያየረ መኖሩን ፈትሹ። አየር የሚነፋው በቱቦው እንጂ በሴንሰሩ አይደለም።

ምልክት፦ ቃጠሎው ተጠናቋል፣ ግፊቱ ግን አልወረደም።
መንስኤ፦ አመድ ነው። አመዱ ከሞተር ዘይት ውስጥ ካለው ማዕድን የሚመጣ ሲሆን የቱንም ያህል ቢሞቅ አይቃጠልም።
መፍትሄ፦ የጭሱን አቅጣጫ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱት። በምድጃ ቀስ ተብሎ ከሞቀ በኋላ አየር ከመውጫው ወደ መግቢያው ይነፋል። አፍንጫና አፍ ይሸፈን፤ አመዱ ለሳንባ ክፉ ነው። በመኪና እጥበት ቤት የግፊት ውሃ አይታጠብ፤ አመዱን ጭቃ ያደርገዋል፣ የውስጡንም ሽፋን ይልጣል። ሲገጠም ማሰሪያውና ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁኑ፣ የአመድ ቆጠራውም በኮምፒውተር ዜሮ ይደረግ። ዘይቱ አመዱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ሲኬ-4 ወይም ኢ6 ደረጃ ያለው ይሁን። ውስጡን ቆፍሮ ባዶ ማስቀረት መፍትሄ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የግፊቱን መጥፋት ያውቅና ጉልበት ይቀንሳል።

ምልክት፦ የዘይት መጠን ጨምሯል፣ ናፍጣም ይሸታል።
መንስኤ፦ የተቋረጡ ቃጠሎዎች ናፍጣ ወደ ዘይት አውርደዋል። ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን ሳትቀይሩ አትንቀሳቀሱ።

ምልክት፦ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጡ ጠቁሯል።
ነጭ ጨርቅ አስገብታችሁ ጥረጉ። ጥቀርሻ ከያዘ የማጣሪያው ውስጠኛ ሴራሚክ ተሰንጥቋል፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል። አዲሱን ከመግጠም በፊት ግን የሚያንጠባጥበው ኖዝል ይሠራ።