ብዙ መብራት የማይበላ የውሃ ማሞቂያ እንዴት እንምረጥ?

አዲስ አበባ ላይ የክፍል ብርድ በጋቢና በቡና ያልፋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ውሃ ግን ካልሞቀ ገላን አያስነካም። ማሞቂያ ልንገዛ ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ መለካት ያለበት ነገር አለ እላለሁ።

በመጀመሪያ ፍጆታዎን ይወቁ። ሻወሩን ለአንድ ደቂቃ ባልዲ ውስጥ ይክፈቱና ውሃውን በባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ይስፈሩት። ከዚያ በሚታጠቡበት ደቂቃና በቤተሰቡ ቁጥር ያባዙት። በ60 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለገላ የሚሆን 90 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ ለሦስት ሰው 100 ሊትር ቦይለር (ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቅ ታንከር) መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው፤ ማንም የማይታጠብበትን ውሃ ሲያሞቅ ይውላል።

ቀጥሎ መስመርዎን ያስፈትሹ። ሻወሩ ላይ የሚገጠመው ቀጥታ ማሞቂያ ውሃ አያጠራቅምም፤ ሙቀት ቆሞ አይባክንበትም። ለአንድና ለሁለት ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን 5.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ከሆነ 25 አምፔር ይጠይቃል። ከብሬከሩ ለብቻው የተሳበ ወፍራም ሽቦና የሚሠራ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ከሌለ፣ እባክዎ አይግጠሙት። ውሃና መብራት አንድ ላይ ናቸውና እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ቦይለር ከመረጡ፣ 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 1.5 ኪሎ ዋቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስድበታል። ሊትራቸው እኩል ከሆኑት ሁለት ቦይለሮች አካሉ ወፈር ያለውን ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ሙቀት የሚይዘው ሽፋን የበለጠ ነው። እኛ ቤት ማታ አሙቀን እናጠፋዋለን፣ ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ውሃው አሁንም እጅ ያሞቃል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም ያው ነው።

የራስዎ ጣሪያ ካለዎት ግን ሶላሩን፣ ማለትም በፀሐይ የሚሠራውን የውሃ ማሞቂያ፣ ሳያስቡ አይለፉ። ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ በራሱ ወደ ላይኛው ታንከር ስለሚወጣ ፓምፕ አያስፈልገውም። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን። ከመግዛትዎ በፊት በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ጣሪያው ላይ ወጥተው የጎረቤት ፎቅ ወይም ዛፍ ጥላ ይጥል እንደሆነ ይዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ከሶላሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ሶላሩ ባዶውን ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ በመብራት የሚያግዝ ማሞቂያ ያለውን ይምረጡ፣ በበጋ ግን ማጥፊያውን ያጥፉት። ከጣሪያ ወደ ሻወር የሚወርደው ቧንቧ አጭርና የተሸፈነ ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ሙቁ እስኪመጣ ድረስ ስንት ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል።

ከተገጠመ በኋላ የቆጣሪዎን ንባብ ይመዝግቡ። አንድ ሳምንት ቦይለሩን ቀኑን ሙሉ አብርተው፣ ሌላ ሳምንት ከመታጠብዎ በፊት ብቻ አብርተው ያነጻጽሩ። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር አብሮ ስለሚጨምር፣ ልዩነቱ ወር ሲሞላ ሂሳቡ ላይ ይታያል።