ፊቱ ለተቃጠለ ሰው ዓይኑን ሳያብጥ ማየት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ብርዱ ሲጠና ቤተሰቡ ሁሉ ምድጃ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ፣ እሳት ላይ የወደቀ ሕፃን ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊቱ ተለብልቦ ጤና ጣቢያ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ታካሚ ሲመጣ፣ አተነፋፈሱ ከተረጋገጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ዓይኑ ነው፤ የዓይኑ ቆብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብጦ ስለሚገጥም፣ ከዚያ በኋላ ገልጦ ማየት ለቀናት ያዳግታል።

መርማሪው ጣቶቹን በዓይን ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ አሳርፎ፣ የዓይኑን ኳስ ሳይጫን ቆቡን ይክፈት፤ በየዓይኑ ለየብቻ ጣት አስቆጥሮም ውጤቱን ይጻፍ። የፍሎረሲን ቀለም ካለ፣ የተላጠው የኮርኒያ (ዓይንን ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን) ክፍል በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አመዱና የተለበለበው ሽፋሽፍት በሳላይን (ንጹሕ የሕክምና ጨው ውኃ) ይታጠባል። ሰው ነበልባል ሲመጣበት ሳያስበው ዓይኑን ስለሚጨፍን፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቆቡ ነው፤ ኳሱ ይተርፋል።

ኖራና በረኪና ግን ወደ ውስጥ ዘልቀው ስለሚጎዱ፣ ምርመራ ሳይጠበቅ እዚያው አደጋው በደረሰበት ቦታ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማጠብ ይገባል። የላይኛው ቆብ ካልተገለበጠ እጥበቱ ከንቱ ነው፤ ከሥሩ የተጣበቀች አንዲት የኖራ ቅንጣት ማቃጠሏን አታቆምምና። ቅቤም ሆነ ማር ዓይን ውስጥ አይግባ። ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታም ያለ ዓይን ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ሰውነቱ በሰፊው ተቃጥሎ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር የተሰጠው ታካሚ ዓይኑ ወደ ፊት ገፍቶ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ብርሃኑን ሊያጠፋ ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ቤተሰብ የሚዘናጋው ቁስሉ ሲሽር ነው። ጠባሳው በሳምንታት ውስጥ እየተኮማተረ ቆቡን ይስበዋል፤ ታካሚው ተኝቶ ሳለ በስልክ መብራት ከጎን ሲታይ በቆቦቹ መካከል ነጭ መስመር ከቀረ፣ ዓይኑ አልተከደነም፣ ሌሊቱንም እየደረቀ ነው ማለት ነው። ሐኪም እስኪያየው ድረስ የዓይን ቅባት በየጊዜው ይቀባ፤ ባልተከደነ ዓይን ላይ ግን ፋሻ ማሰር ኮርኒያውን ይፍቃል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ታካሚ ቃጠሎው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ዓይኑ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሊታይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቀን የዓይን ምርመራ ውጤት ከሪፈር ወረቀቱ ጋር አብሮ ይሂድ።