ልጆች ተናንቀው የተጫወቱትን ቼዝ እንዴት እንመርምር?

ደሴ በክረምት ጦሳ ጉም ሲለብስ ከቤት መውጣት አያሰኝም። እንዲህ ባለ ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅና አንድ የ13 ዓመት ልጅ ለየራሳቸው 60 ደቂቃ ሞልተው ቼዝ ገጠሙ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ልጁ ተሸነፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቡናው ተፈልቶ ስለነበር ጨዋታውን እንደገና ከፈትነው። አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ ጨረስን። እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ እንቅስቃሴዎቹ የተጻፉበትን ወረቀት አሟሉ። በመደበኛ ውድድር ተጫዋች እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይጽፋል። ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በታች ሲወርድ ግን፣ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ካልተጨመረለት፣ መጻፉን ማቆም ይፈቀድለታል። ወሳኙ ክፍል የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሳይለያዩ ያልተጻፈውን አብረው ያስታውሱ።

ቀጥሎ ስልኩን አርቁና ልጆቹን አናግሩ። የተሸነፈው ይቅደም። «ለምን ይህን ተጫወትክ?» አትበሉት፤ ቁጣ ይመስለዋል። «እዚህ ጋ ምን አሰብክ?» በሉት። የሚለውን ሁሉ ጻፉ፣ ስህተትም ቢሆን። እኔ ከሁሉም ደረጃ ይህን እወዳለሁ። ልጅ የተሳሳተበትን ሐሳብ ከራሱ አፍ ሲሰማው አይረሳውም።

አሁን ወደ መክፈቻው። ልጅቷ በነጭ ነበረች። ቢሾፗን (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) ሲ4 ላይ አውጥታ ፈረሷን ጂ5 ላይ አዘለለች (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ከነጭ በኩል የተቆጠረውን ረድፍ ያሳያል)። ሁለቱም ኤፍ7ን ያነጣጥራሉ። ልጁ ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፋ፤ ትክክል ነው። ወታደሩ ሲበላ ግን በፈረሱ መልሶ በላ። እሷም ፈረሷን ኤፍ7 ላይ ሰዋችና ንጉሡን ወደ ሜዳ ጎትታ አወጣችው። የሚሻለው የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን ማስጨነቅ ነበር። (ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ መክፈቻው ወረራ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይጫወታሉ። ልጆቻችን ዛሬም ወረራ ይወዳሉ።)

ልጁ እንደምንም ተረፈ። ሰዓቱን ስናይ ግን ከወጥመዱ ለመውጣት ብቻ 25 ደቂቃ አቃጥሏል። በየእንቅስቃሴው አጠገብ የቀረውን ደቂቃ አስጽፉ የምለው ለዚህ ነው።

መሐሉን ቶሎ እለፉት። ብዙ ጠጠር የተበላላበት ቦታ ላይ ብቻ ቆም በሉ።

መጨረሻው ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ከንጉሦቹ ሌላ ነጭ ሩክና (ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ጎን የሚሄደው ጠጠር) አንድ ወታደር፣ ጥቁር ሩክ ብቻ ቀርቶታል። የጥቁር ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ቆሟል። የነጭ ወታደር ገና 5ኛው ረድፍ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው መከላከያ እዚህ ይሠራል። ሩኩን 6ኛው ረድፍ ላይ አቁሞ የነጭን ንጉሥ ማገድ ነው። ወታደሩ ወደ 6ኛው ሲገፋ፣ ያኔ ሩኩ ወደ 1ኛው ረድፍ ወርዶ የነጭን ንጉሥ ከኋላ ቼክ እያለ (በቀጥታ እያጠቃ) ያሳድደዋል። ንጉሡ መጠለያ የለውም፤ እኩል ይወጣሉ። ልጁ ቸኩሎ ሩኩን ቀድሞ አወረደ። የነጭ ንጉሥ 6ኛው ረድፍ ላይ ገባ፣ ወታደሩም ከኋላው ጋሻ ሆነው። ልጁ ሦስት ደቂቃ ነበር የቀረው። መክፈቻው ላይ ያቃጠለው ጊዜ እዚህ አስከፈለው።

ስልኩ አሁን ይምጣ። ስቶክፊሽ የተባለው ጨዋታ የሚመዝን የቼዝ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። +1 ካለ ነጭ በግምት አንድ ወታደር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ቁጥሩ በድንገት የዘለለባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ ያዙ። ከዚያ መጀመሪያ ከጻፋችሁት የልጆቹ ሐሳብ ጋር አስተያዩት።

በመጨረሻ ያንኑ አቀማመጥ ደርድሩና እንደገና ይጫወቱት። የእኛዎቹ በረካው ሲቀዳ ጀመሩ። ልጁ ሩኩን 6ኛው ረድፍ ላይ አቁሞ እጁን ከጭኑ ስር ደበቀ። ወታደሩ እስኪገፋ ጠበቀ። እኩል ወጡ።