የጓሮ ዕቃ ቤት፦ አይጥ ነው ወይስ ነቀዝ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ካለው ቤታችን ጓሮ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት አለችን። ማሽላው፣ ሽንብራው፣ አሮጌው ፍራሽ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ ሁሉም እዚያ ነው። አምና ጆንያ ተቀዶ ሳገኝ ሮጬ መርዝ ገዛሁ። አይጧ በላችና ፍራሹ ውስጥ ገብታ ሞተች። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል። በሁለተኛው ቀን በዚያ በኩል ማለፍ አልተቻለም። የጎረቤት ድመት በልታው ቢሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ስለዚህ መርዙ ይቆየን፤ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ።

ጆንያው ከታች ተቀዷል፣ ወለሉ ላይ ጥቋቁር ኩስ አለ

አይጥ ነው። ኩሱ የሩዝ ፍሬ ካከለ ትንሿ አይጥ ናት። ከ1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አይጠ መጎጥ ነው። ትንሿ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትሾልካለች፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል።

መግቢያዋን ለማግኘት ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ገብታችሁ በሩን ዝጉ። ብርሃን በገባበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ነበር። ጉዱ ታች ነው። የቆርቆሮው ሞገድ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ስር ቀዳዳ ይተዋል። ከግድግዳው አንድ ጎን ብቻ አስራ አንድ ቆጠርኩ። በበሩ ስር ደግሞ አራት ጣቴ ገባ።

የወለሉን ዙሪያ በሲሚንቶና አሸዋ ሞላነው። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ድስት በሚፈተግበት የብረት ሽቦ ጠቅጥቀን በላዩ ለሰንነው። በሩ ስር ላሜራ መታንበት። ጨርቅና ፌስታል አትወትፉ፤ በጥሳ ትገባለች፣ ቁራጩንም መኝታ ታደርገዋለች።

ውስጥ ለቀረችው ወጥመድ ይበቃል። አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ ወጥመዱን መሃል ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳው ስር አድርጉ። አይብ አያስፈልግም፤ የተወቀጠ የባቢሌ ለውዝ ቀቡት።

ጆንያው ደህና ነው፣ እህሉ ግን ተበስቷል፣ ዱቄት ያራግፋል

ይሄ ነቀዝ ነው። ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ልጇ እዚያው እየበላ ያድግና በሙቀት ጊዜ በወር አካባቢ ወጥቶ ይሄዳል። አበጥረን ጨርሰናል ስንል እንደገና የሚፈላው ለዚህ ነው። ማበጠር የሚያወጣው ያደገውን ብቻ ነው።

እህሉን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ከዚያ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ጨምሩ። አየሩን ጨምቃችሁ እያንዳንዱን ለየብቻው እሰሩ። ነቀዙ ኦክስጅን ያልቅበታል። ለሳምንታት አትክፈቱት። ያልደረቀ እህል ግን እዚያው ይሻግታል። አይጥ ፕላስቲኩን ከበሳች ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቀዳዳውን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ጽላት በመኖሪያ ግቢ አትጠቀሙ። እርጥበት ሲነካው ጋዝ ይለቃል፤ ሰው ይገድላል።

ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ወጥቷል

ምስጥ። መስመሩን ጥረጉት፣ ጣውላና ካርቶን መሬት አታስነኩ። ጆንያዎቹንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፤ ኋላቸው ሲታይ መስመሩ ቶሎ ይገኛል።

ማታ መብራት ሲበራ የሚበተን ነገር አለ

በረሮ። ካርቶኑን አውጥታችሁ ጣሉ፤ መደበቂያው እሱ ነው።

ፍራሹንም ጥለነዋል።